ማሽኑስ የታለ?

እኛ አገር ዓመት ሦስት ጊዜ ያልቃል። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ይዘጋል። ጳጉሜ ላይ የራሳችን ዓመት ያልቃል። ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ደግሞ የፈረንጆቹ ይመጣና ስልካችንን በእንኳን አደረሳችሁ ያጨናንቀዋል። ዕቅድ ለሚወድ ሰው የተመቸ አገር ነው። አንዱ ላይ ካልተሳካ ሌላው ላይ እንደገና መጀመር ይቻላል።

እኔ ደግሞ እንጀራዬ ራሱ ዕቅድና ሪፖርት ነው። ቃሊቲ አካባቢ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ድርጅት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ነኝ። ቡለቲን አዘጋጃለሁ፣ ለኃላፊዎች ንግግር እጽፋለሁ፣ የየክፍሉን ሪፖርት አርማለሁ። ማታ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ስገባ የራሴን እጽፋለሁ። አጭር ልብወለድ፣ ወግ፣ አንዳንዴም የሬዲዮ ትረካ። ከሪፖርት ጋር ብዙ ስለኖርኩ ቋንቋው ገብቶኛል። «በሂደት ላይ» ማለት ገና አልተጀመረም ማለት ነው። «በመጠናቀቅ ላይ» ማለት ደግሞ አሁን ተጀመረ ማለት ነው። ክንውኑን መቶ በመቶ ብሎ የሚጽፍ ኃላፊ አላጋጠመኝም። መቶ ከሞላማ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ከፍ ይልበታላ! ሰማንያ ምናምን ላይ ተደላድሎ መቀመጥ ነው ብልሃቱ።

ባለፈው ሰኔ የንብረት ቆጠራ ኮሚቴ ውስጥ ተመደብኩ። እንዲህ ያለው ነገር ምርጫ የለውም፤ ደብዳቤው ጠረጴዛህ ላይ ተቀምጦ ታገኘዋለህ፣ በቃ። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። መደርደሪያው ላይ ያለውን ትቆጥራለህ፣ የዕቃው ገቢና ወጪ በሚመዘገብበት ቢን ካርድ ላይ ከተጻፈው ጋር ታመሳክራለህ። ሞዴል 19 በሚባለው የገቢ ደረሰኝ ከገባው ላይ ሞዴል 22 በሚባለው የወጪ ደረሰኝ የወጣው ሲቀነስ እጅ ላይ ያለውን መስጠት አለበት። ካነሰ ጉድለት፣ ከበዛ ትርፍ። ጉድለት እንደሚያስጠይቅ ሁሉም ያውቃል። ትርፍም ያስጠይቃል፤ ይሄን ግን ብዙ ሰው አያውቅም።

መጋዘኑን የሚይዙት ጡረታ የደረሱ እናት ናቸው። ሁላችንም እታለም ነው የምንላቸው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ የትኛው ብሎን የትኛው ሳጥን ውስጥ እንዳለ ሳያዩ ይናገራሉ። ከጥግ አንድ የእንጨት ሳጥን አስወጡን። ውስጡ ኩሽኔታ፣ ፊልትሮና ቺንጋ ነው። እያንዳንዱ ኩሽኔታ ግሪስ ተቀብቶ በቡኒ ወረቀት ተጠቅልሏል። ወረቀቱን ስንገልጠው ብረቱ ያበራል፤ ዝገት የሚባል አልነካውም። ቢን ካርዱ ከላይ እስከ ታች «ተቆጥሯል»፣ «ተቆጥሯል» ይላል። የእስክሪብቶው ቀለም ይለያያል፣ ፊርማው ይለያያል፣ ቁጥሩ ግን ያው ነው። አንድም ወጪ የለም።

ከውስጥ ኦዲት የመጣች ልጅ አብራን ነበረች። ሥራ ከጀመረች ብዙም አልቆየች። ካርዱን አገላብጣ አየችው።

«እታለም፣ ይሄ የምን መለዋወጫ ነው?»

«የጄኔሬተሩ ነዋ።»

«የትኛው ጄኔሬተር?»

«የድሮው። እዚያ ከአጥሩ ሥር የነበረው።»

«ማሽኑስ የታለ?»

«ውይ! እሱማ በጨረታ ከተሸጠ ስንት ዘመኑ!»

«ታዲያ ይሄ ለምን ይቆጠራል?»

«ስላለ ነዋ፣ የኔ እናት!»

እኛ ሳቅን። እታለም ግን አልሳቁም። በየዓመቱ ግሪሱን የሚቀቡት እርሳቸው ናቸው። ጠብቂ ተብለው የተረከቡትን ጠብቀዋል፤ ማንም መጥቶ ጥፋት ነው ሊላቸው አይችልም። መጣል የእርሳቸው ሥልጣን አይደለም። ለማስወገድ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ዋጋ ይገመታል፣ ጨረታ ይወጣል። ያ ሁሉ እስኪሆን ኩሽኔታው ይቀባል። ልጅቷ ግን ጥያቄዋን አልተወችም። ከዚያ በኋላ በየመደርደሪያው ሥር እየቆመች «ማሽኑስ የታለ?» ስትል ዋለች። ግማሹ ዕቃ መልስ አልነበረውም።

በማግስቱ ደግሞ ተቃራኒው ገጠመን። ከመደርደሪያ ጀርባ አንድ ጥቅል የኤሌክትሪክ ገመድ ተገኘ። አዲስ ነው፣ ማሸጊያው እንኳ አልተፈታም። መዝገብ ላይ የለም። ኤሌክትሪክ ክፍሉ ዓመቱን ሙሉ ገመድ የለም እያለ ከገበያ ሲያስገዛ ከርሟል። ገቢ ስላልተደረገ በወረቀት ላይ የለም፤ በወረቀት ላይ የሌለ ነገር ደግሞ የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ ጉዳይ የተጻፈው ቃለ ጉባኤ ከገመዱ ይረዝማል፤ ልተወው።

ጳጉሜ መጣች። ድርጅታችን በየዓመቱ አጀንዳ ያድላል፤ እኔም አዲሱ አጀንዳ በመጣ ቁጥር የዓመቱን የጽሑፍ ዕቅዴን የመጀመሪያው ገጽ ላይ አሰፍራለሁ። የሩፋኤል ዕለት መብራት ጠፍቶ ነበር። ታች ግቢው ውስጥ ልጆቹ ዝናቡን እየተጠመቁ ይጮኻሉ። የድሮ አጀንዳዎቼን አውርጄ የመጀመሪያ የመጀመሪያ ገጻቸውን አየሁ። ሁሉም ላይ አንደኛው መስመር አንድ ነው፦ «ልብወለዱን መጨረስ።» የእስክሪብቶው ቀለም ይለያያል።

ያንን ልብወለድ የጀመርኩት ለአንድ ወርኃዊ መጽሔት ነው። በየወሩ አንድ አንድ ምዕራፍ ሊወጣ ተስማምተን ነበር። ጥቂት እንደሄደ መጽሔቱ ተዘጋ። እኔ ግን መጻፌን አላቆምኩም። ችግሩ ደግሞ ቅርጹ ላይ ነው። በተከታታይ ለሚወጣ ጽሑፍ ምዕራፉን አንገቱ ላይ ትቆርጠዋለህ። ጀግናው በሌሊት በሩ ይንኳኳል፣ እጁን ወደ መዝጊያው ይሰዳል፣ «ይቀጥላል»። አንባቢ ወሩን ሙሉ ማን ይሆን ሲል ይከርማል። ቀጣዩ ምዕራፍ ደግሞ ያለፈውን በአጭሩ እያስታወሰ ይጀምራል፤ ወር ሙሉ የቆየ ሰው ይረሳላ። ይሄንኑ ሰብስበህ መጽሐፍ ስታደርገው ጉዱ ይወጣል። አንባቢው ገጹን ገለጥ ሲያደርግ በሩን ያንኳኳው ጥበቃው ነው፤ ውኃ መጥቷል ሊል። ደግሞ ከሁለት ደቂቃ በፊት ያነበበውን እንደገና ትነግረዋለህ። በየክረምቱ ዓረፍተ ነገሩን ሳሳምር፣ ቃሉን ስለውጥ ነው የከረምኩት። ዓረፍተ ነገሮቹ ያምራሉ፤ ይሄን ሳልኩራራ እናገራለሁ። ግን ማሽኑስ የታለ?

አስወገድኩት። አላቃጠልኩትም፤ የመንግሥት ንብረትም ሲወገድ የሚሠራው ተለይቶ ነው። አንዲት ጠጅ ቤት ያላት ሴት ገጸ ባሕርይ አለች፤ እሷ ብቻዋን አጭር ልብወለድ ይወጣታል። እሷን አስቀረሁ። ሌላውን በኮምፒውተሬ ላይ ከዕቅድ አቃፊ አውጥቼ ማኅደር ውስጥ አስገባሁት። አጀንዳው ላይ ደግሞ ያ መስመር ሳይኖር የተጻፈው የመጀመሪያው ገጽ ይሄኛው ሆነ።

ቀጥሎ ዓመቱን ምን ጻፍኩበት ብዬ ስቆጥር ከበደኝ። የቡለቲኑን አልቆጥርም፤ እሱ ደመወዝ ነው። አንድ ወግ፣ ሁለት የሬዲዮ ትረካ፣ ሌላው ጅምር። እንዲህ እያልኩ ሳለ የእድራችን ጸሐፊ ደወለ። ሰው አርፏል፣ የሕይወት ታሪክ ጻፍልን አለኝ። ስልኩን ዘግቼ እስክሪብቶዬን ሳነሣ ነው የታየኝ። ዓመቱን ሙሉ ከምንም በላይ የጻፍኩት ይሄንኑ ነው፤ አንዱንም ግን የትም አልመዘገብኩትም።

ኮንዶሚኒየም መቼም ሰውን ከየሰፈሩ በዕጣ ነው የሚሰበስበው። አንዱ ከአራት ኪሎ፣ አንዱ ከመርካቶ፣ አንዱ ከጨርቆስ መጥቶ በአንድ ደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል። ድሮ ሰፈር ቢሆን የሟችን ታሪክ የሚያውቅ ጎረቤት አይጠፋም ነበር። እዚህ ጎረቤት የሚያውቀው የበር ቁጥርህን ነው። ስለዚህ ድንኳኑ ሥር ልጆቹን እጠይቃለሁ፣ ሌሊት እጽፋለሁ፣ በማግስቱ ቀብር ላይ ይነበባል። «ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት…» ተብሎ ሲጀመር ያ ሁሉ ለቀስተኛ ዝም ይላል። የትኛው ወጌ ነው እንዲህ ተደምጦ የሚያውቀው?

ከእነዚህ አንዱ ከልቤ አልወጣልኝ ብሎ ቆይቷል። ሟቹ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ምን ነበሩ ብዬ ስጠይቅ አንደኛው ልጃቸው ሹፌር አለኝ፤ ሌላው መካኒክ። ሴቷ ልጃቸው ደግሞ፣ «እሱን እንኳ አላውቅም፤ ሲናደድ ግን በፈረንሳይኛ ነበር የሚሳደበው» አለች። የምጽፈው ሲጠፋ ሁላችሁም የምታውቁትን ጻፍኩ፦ «ድርጅቱን ለረጅም ዓመታት በቅንነትና በታማኝነት አገልግለዋል።» ቀብሩ ሲያበቃ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ እኔ መጡ። «ጥሩ ነው ልጄ፤ ግን እሱ ድሬዳዋ ጋራዥ ነበር የጀመረው» አሉኝ። ከዚያ መንገድ ላይ እንደቆምን፣ ልጆቹ ያልነገሩኝን ሁሉ ነገሩኝ። አብረው ሠርተዋል። አሁን አቃቂ ነው የሚኖሩት፣ ከድሮው ጣቢያ ብዙም ሳይርቁ።

ያ የባቡር መስመር ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የገባው በ1895 ነው፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 2009 ተመረቀ፤ የተሳፋሪው ጣቢያም ለቡ ሆነ። አቃቂ የቀረው የድሮው ጣቢያና የድሮዎቹ ሰዎች ናቸው። ስለ ሐዲዱ የተጻፈ አይጠፋም። ስለ እነዚህ ሰዎች ግን የሚጻፈው ድንኳን ከተተከለ በኋላ ነው፤ ያውም በእኔ ዓይነቱ፣ በአንድ ሌሊት።

እናም የዘንድሮው አጀንዳዬ አንደኛ መስመር ይሄ ሆነ፦ አቃቂ ያሉትን የባቡር ጡረተኞች በሕይወት እያሉ ማናገርና መጻፍ። በወር አንድ ሰው። ሁለተኛው፣ ለእድሩ የምጽፋቸውን የሕይወት ታሪኮች ቅጂ ማስቀመጥ፤ እስካሁን ወረቀቱን ለቤተሰቡ ሰጥቼ ነበር የምመለሰው። ሦስተኛው የጠጅ ቤቷ ሴትዮ ናት።

«መጽሐፍ ማሳተም» የሚል መስመር የለም። ጓደኞቼ ይሄን ሲሰሙ ተስፋ ቆረጥክ እንዴ ይሉኛል። ተስፋው አለ። ግን ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ለኅትመት የሚያስፈልገው ነገር በአብዛኛው ከውጭ ነው የሚመጣው። ማተሚያ ቤት ዋጋ ስትጠይቅ «ይሄ ለዚህ ሳምንት ነው» ይልሃል። ታትሞ ቢወጣም ማከፋፈሉ ሌላ ጣጣ ነው፤ ከመሸጡ በፊትም ስካኑ ቴሌግራም ላይ ሊለቀቅ ይችላል። በእኔ እጅ ያልሆነውን ዕቅዴ ላይ ብጽፈው ጳጉሜ ላይ ሪፖርቱን የሚያበላሽብኝ ሌላ ሰው ነው። እኔ እጅ ላይ ያለው ሄዶ መጠየቅና መጻፍ ነው። ሲከማች የሚያሳትመው ይፈለጋል፤ ከተገኘ ይመዘገባል።

በመስከረም አንድ ቅዳሜ ከቱሉ ዲምቱ ታክሲ ይዤ አቃቂ ወረድኩ። ሽማግሌው በር ላይ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሰላም ተባባልን፣ የቀብሩን ዕለት አስታወስኳቸው፣ ልጃቸው በርጩማ አመጣችልኝ።

«ጋሼ፣ የሕይወት ታሪክዎን ልጽፍ ነው የመጣሁት» አልኳቸው።

ከዘራቸውን ከግድግዳው አስደግፈው በደንብ አዩኝ።

«ምነው፣ ሐኪሙ ነገረህ እንዴ?»

ለማስረዳት ስንተባተብ ልጃቸው በሳቅ ፍርስ አለች። ቡናው እስኪፈላ ስለ አጀንዳውም፣ ስለ ልብወለዱም፣ ስለ እታለም ሳጥንም አወራኋቸው። ኩሽኔታው ጋ ስደርስ «ግሪስ ነበረው?» ብለው አቋረጡኝ። ነበረው አልኩ። «ጎበዝ ሴት ናቸው» አሉ። ከዚያ ደብተሬን ስከፍት ጣታቸውን አነሡ።

«እኔ የምነግርህን ጻፍ። ልጆቼ የሚነግሩህን ግን እንዳትጽፍ፤ ሹፌር ነበር ነው የሚሉህ።»