1.1 ያነበበው አንቴና

ሜክሲኮ አካባቢ ባለችው ጥገና ቤታችን በብዛት የሚመጣው ቴፕ፣ አምፕሊፋየርና ፓወር ሰፕላይ ነው። አንቴና የሚያሠራ ደንበኛ ብርቅ ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ አንድ ባለፈቃድ የአማተር ሬዲዮ ሰው (በትርፍ ጊዜያቸው በራሳቸው ሬዲዮ ከሩቅ ሰዎች ጋር የሚነጋገሩ) ሲደውሉልን ታዲያ መሣሪያዬን ይዤ የሄድኩት ደስ ብሎኝ ነው።

የጋሼ ችግር ቦታ ነው። ለ14 ሜጋኸርዝ የተለመደው ዳይፖል፣ ማለትም ቀጥ ያለ የሽቦ አንቴና፣ 10 ሜትር ገደማ ይረዝማል። በረንዳቸው ልብስ ከማስጣት አያልፍም፤ ጣሪያውን ዲሽና ሮቶ ሞልቶታል። ስለዚህ ማግኔቲክ ሉፕ ሠሩ። ነገሩ ቀላል ነው፦ ዳር እስከ ዳር 1 ሜትር የሆነ የመዳብ ቱቦ ቀለበት፣ ሁለቱ ጫፎች መሀል ተለዋዋጭ ካፓሲተር፣ ከውስጥ ደግሞ ከሬዲዮው ገመድ ጋር የተገናኘ ትንሽ ቀለበት። ካፓሲተሩን እያዞሩ አንቴናውን ለሚፈለገው ፍሪኩዌንሲ መቃኘት ነው።

አብሮኝ የሄደው ልጅ የኤስ ደብሊው አር ሜትሩን (ከአንቴናው የሚመለሰውን ኃይል የሚያሳይ መለኪያ፤ 1 ካነበበ ምንም አልተመለሰም ማለት ነው) አይቶ ፊቱ በራ።

«ጋሼ፣ 1.1 እኮ ነው! ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?»

«ሜትሩማ ደህና ነው ልጄ። ሰው ነው የማይሰማኝ።»

ሜትሩ አልዋሸም። የሚናገረው ግን የተላከው ኃይል ወደ ሬዲዮው አለመመለሱን ብቻ ነው። ወደ ሰማይ ይውጣ፣ ሙቀት ሆኖ ይቅር፣ እሱ የሚያውቀው ነገር የለም። በአንቴናው ፈንታ 50 ኦም ደሚ ሎድ (ኃይሉን ሁሉ ሙቀት የሚያደርግ የመፈተሻ ሬዚስተር) ብትሰካም ያው «በጣም ጥሩ» ነው የሚልህ፤ ደሚ ሎድ ደግሞ ጎረቤት እንኳ አይሰማውም።

ስለዚህ ባንድዊድዙን፣ ማለትም አንቴናው እንደገና ሳይቃኝ የሚሠራበትን የፍሪኩዌንሲ ስፋት፣ ለካሁ። ኤስ ደብሊው አሩ 2 እስኪደርስ ወደ ላይም ወደ ታችም ፍሪኩዌንሲውን ስገፋው በሁለቱ መካከል 30 ኪሎኸርዝ ያህል ተገኘ። ለዳይፖል ይህ ጠባብ ነው። ለዚህ ቀለበት ግን በጣም ሰፊ ነው፤ ጤነኛ ቢሆን 10 ኪሎኸርዝ አካባቢ ነበር የምጠብቀው። የሉፕ ባንድዊድዝ ሲሰፋልህ ደስ አይበልህ፤ የሆነ ቦታ ኃይል እየበላ ነው።

የት? እዚህ ላይ ቁጥሩን ማወቅ ይጠቅማል። እንዲህ ያለ ቀለበት በ14 ሜጋኸርዝ የጨረራ ሬዚስታንሱ (ኃይሉን ወደ ሰማይ የሚያወጣው ድርሻ፤ የቀረው ሬዚስታንስ ሁሉ ሙቀት ብቻ ነው) 0.1 ኦም እንኳ አይሞላም። የማይረባ የምትለው ግማሽ ኦም የመገጣጠሚያ ሬዚስታንስ ከዚያ አምስት እጥፍ ይበልጣል። ጋሼ ቱቦውን ከካፓሲተሩ ጋር ያሰሩት በብሎንና በዋሸር ነበር። ስፈታው ከዋሸሩ ሥር መዳቡ ጠቁሯል፣ ዳር ዳሩ ላይ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። ስናሰላው ሬዲዮው ከሚልከው 20 ዋት ወደ ሰማይ የሚወጣው 3 ዋት ገደማ ነበር። የቀረው ሙቀት ነው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ከፍሪጅ ሠራተኛ የሚሻል ባለሙያ አላውቅም። መዳብ በጋዝ መበየድ የዕለት ሥራቸው ነው። አንዱ ጋ ወስደን በወፍራም የመዳብ ቁራጭ ቱቦውን ከካፓሲተሩ ጋር በየድን። መልሰን ስንሰቅለው ባንድዊድዙ 10 ኪሎኸርዝ አካባቢ ሆነ። በስሌት የሚወጣው ኃይል ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ነው።

በነጋታው ጋሼ ደወሉ። ተቆጥተዋል።

«አበላሻችሁት! ድሮ አንዴ ከቃኘሁት ይቆይ ነበር፤ አሁን እጄን ሳነሳ ይሸሻል!»

እውነታቸውን ነው። ሉፕ በተሻለ ቁጥር መቃኘቱ ይከብዳል፤ ሰውነታችን ሲጠጋው እንኳ ፍሪኩዌንሲው ይንሸራተታል። ይህን አስረድቼ ካፓሲተሩ ላይ ባለ ጥርስ ማርሽ ትንሽ ሞተር አሰርን፤ ማብሪያውን ከሬዲዮው ጠረጴዛ አጠገብ አደረግነው። የሞተሩንና የካፓሲተሩን ዘንግ ያገናኘነው በፕላስቲክ ነው፤ ይህ ግዴታ ነው። በ20 ዋት እንኳ ካፓሲተሩ ላይ ከ1,000 ቮልት በላይ ይቆማል። ሬዲዮው እየላከ ቀለበቱን መንካት አይታሰብም። በረንዳው ላይ ልጆች እንዳይወጡም ጋሼን ደጋግሜ አስጠነቀቅኋቸው።

አዲስ አበባ ለሚሠራ ሰው ሌላም ነገር አለ። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ብልጭታ ቶሎ ይነሳል። በባሕር ዳርቻ ከተማ 4,000 ቮልት የሚችል የአየር ካፓሲተር እዚህ 3,000 አካባቢ ሲደርስ ሊፈነጥቅ ይችላል። ጋሼ ወደ 100 ዋት ማሳደግ ፈልገው ነበር፤ በዚህ ካፓሲተር አይሆንም አልኳቸው፤ ተቀበሉኝ።

ሞተሩን ከለመዱት ወዲህ ቁጣው ቀርቷል። ቀለበቱን ዞር ሲያደርጉት ከጎረቤት ኤልኢዲ አምፖል የሚመጣው ጩኸት እንደሚቀንስም ራሳቸው ደረሱበት። አሁን ደግሞ በዚያው ቀለበት 7 ሜጋኸርዝ አምሯቸዋል። ፍሪኩዌንሲው በግማሽ ሲወርድ የጨረራ ሬዚስታንሱ 16 እጥፍ ይቀንሳል፤ ያንን ስነግራቸው ዝም አሉና የበረንዳውን ቁመት በሜትር ይለኩ ጀመር። ትልቅ ቀለበት ያስፈልጋል፤ ቱቦውን እየፈለግን ነው።