ሳሙናው ከምግብ በኋላ ነው የሚመጣው

የደብረ ብርሃን ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ውርጭ ሣሩን በሚያነጣበት በገና ሰሞን ውሃው እጅ ያደነዝዛል። ባለፈው ገና አክስቴ ቤት ዶሮ ወጡ ከመቅረቡ በፊት ማስታጠቢያው ሲዞር፣ እኔን ጨምሮ ሁላችንም የቀኝ እጃችንን የጣቶች ጫፍ ብቻ አርጥበን አራገፍን፤ ሳሙና የቀረበልን ከበላን በኋላ፣ ቅባቱን ለማስለቀቅ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት በውሃና በሳሙና ለመታጠብ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ እንዲወሰድ፣ የእጅ ጀርባ፣ የጣቶች መሐልና አውራ ጣትም እንዲታሹ ይመክራል። ጀርሙን የሚያስለቅቁት ሳሙናውና ማሸቱ እንጂ የውሃው ሙቀት አይደለም፤ ይሁንና እጅ በሚቆርጥ ውሃ አንድ ደቂቃ የሚታገሥ ሰው ስለማይገኝ፣ ለብ ያለው ውሃ ለትዕግሥታችን ይጠቅማል።

ከምሳ በኋላ የልጅ ልጃቸው ስታስል፣ አክስቴ ከቡፌው መሳቢያ በላስቲክ የተቋጠረ ካፕሱል አወጡ፤ ባለቤታቸው ጥርሳቸውን ታመው ከታዘዘላቸው አሞክሳሲሊን የተረፈ ስድስት ፍሬ ነው።

«ብርድ ነው የመታት፤ ዱቄቱን በማር ለውሼ ልስጣት» አሉ።

«እትዬ፣ ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ነው፤ ይህ መድኃኒት ደግሞ የሚገድለው ባክቴሪያን ብቻ ነው» አልኳቸው።

«ባለፈው ሰጥቻት ድና የለም እንዴ?»

ጉንፋን በራሱ ጊዜ እንደሚለቅ ብነግራቸውም አልተዋጠላቸውም። እኔም ብሆን ተማሪ ሳለሁ ለጉሮሮዬ ያለ ትእዛዝ «አሞክሳ» ገዝቼ፣ ሦስት ቀን ውጬ የተውኩ ሰው ነኝ።

ብዙዎቻችን መድኃኒቱን የሚላመደው ሰውነታችን ይመስለናል፤ የሚላመደው ግን ባክቴሪያው ነው። አንቲባዮቲክ፣ ማለትም እንደ አሞክሳሲሊን ያለ ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት፣ በተወሰደ ቁጥር ደካሞቹ ባክቴሪያዎች ሲሞቱ መድኃኒቱን የመቋቋም ባሕርይ ያላቸው ጥቂቶች ይተርፋሉ፣ ቦታው ሲለቀቅላቸው ይራባሉ፣ ባሕርያቸውንም ለሌሎች ባክቴሪያዎች ሊያቀብሉ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1928 ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ፣ በ1945 የኖቤል ሽልማት ንግግሩ ላይ በቂ ያልሆነ መጠን መውሰድ ጀርሞቹን እንደሚያለማምድ አስጠንቅቆ ነበር፤ በ2019 በዓለም ዙሪያ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ በቀጥታ የሞቱት ሰዎች ደግሞ 1.27 ሚሊዮን ገደማ እንደሚደርሱ ተገምቷል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ከሰው ወደ ሰው ከሚሻገሩባቸው መንገዶች አንዱ ያው ያልታጠበ እጅ ስለሆነ፣ የማስታጠቢያውንና የመሳቢያውን ጉዳይ ለያይቼ ማየት አልቻልኩም።

የዚያን ቀን ልጅቷ ማሩን በሻይ ጠጣች። በማግሥቱ ቁርስ ሲቀርብ አክስቴ ከማንቆርቆሪያው የፈላ ውሃ በቀዝቃዛው ላይ ጨምረው፣ ሳሙናውን ከማስታጠቢያው ጎን አስቀመጡ፤ ልጅቷም ጥፍሯ ሥር ሳይቀር አሸች። ስለ ካፕሱሎቹ ሳነሳባቸው ግን «ይቀመጥ ግዴለም፣ እህል አይበላ» ብለው መሳቢያውን ገፋ አደረጉት።