በጢያ፣ ብርሃን ከጎን ሲመጣ

ጎህ ሳይቀድ ከአዲስ አበባ የወጣሁት የማለዳዋ ፀሐይ በጢያ ትክል ድንጋዮች መካከል እንድታገኘኝ ስለፈለግሁ ነበር። የቡታጅራን መንገድ ይዘን፣ አዋሽን ተሻግረን፣ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ተጉዘን ከቅርሱ አጥር ስንደርስ ሣሩ ገና በጤዛ እንደራሰ ነበር። በድንጋዮቹ ላይ ያሉት ቅርጾች እምብዛም ጎልተው የማይወጡ በመሆናቸው ብርሃን ከአናት ሲወርድባቸው ይደበዝዛሉ፤ ማለዳና ወደ ማታ ግን ብርሃኑ ከጎን ስለሚያርፍባቸው እያንዳንዱ ጠርዝ ጥላ ያወጣል።

ወደዚህ ስመጣ ሁለተኛዬ ነው። ከዓመታት በፊት ያነሣኋቸው ፎቶግራፎች ለዓይን ያማሩ ቢሆኑም ለምዝገባ የሚበቁ አልነበሩም፤ በአንዳቸውም አጠገብ የመለኪያ በትር አላቆምሁም፣ ድንጋዩ ፊቱን ወደየት እንዳዞረም አልጻፍሁም። ያን ሁሉ ምስል ይዤ የአንዱን ድንጋይ ቁመት እንኳ መናገር አለመቻሌ ሲቆጨኝ ኖሯል።

በጢያ 36 ትክል ድንጋዮች የሚገኙ ሲሆን፣ በ32ቱ ላይ ጎራዴ፣ ክብና ፍቺያቸው በውል ያልታወቀ ሌሎች ምልክቶች ተቀርጸዋል። ቦታው በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። የአካባቢው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል፤ የአርኪዮሎጂ ጥናት ግን ከግራኝ አሕመድ ዘመን እንደሚቀድሙ ያሳያል። ይህ ስያሜ ከታሪኩ ጋር አይገጥምም ተብሎ ከመዝገብ መውጣት ያለበት አይመስለኝም፤ ሕዝቡ ድንጋዮቹን እንዴት ተረድቷቸው እንደኖረ የሚናገር በመሆኑ ከልኬቱ ጎን ሊጻፍ ይገባዋል።

በሥፍራው የተካሄደው ቁፋሮ ድንጋዮቹ የመቃብር ምልክቶች መሆናቸውን አሳይቷል፤ የተገኙት ዐፅሞች በወጣትነታቸው የሞቱ፣ ጉልበታቸው ታጥፎ የተቀበሩ ሰዎች ናቸው። እንዴት እንደተቀበሩ የሚታወቀው ዐፅሙ ከመነሣቱ በፊት አተኛኘቱ፣ ጥልቀቱና ለየትኛው ድንጋይ እንደሚቀርብ በንድፍና በጽሑፍ ሲሰፍር ብቻ ነው። አንድ ጊዜ የተቆፈረ አፈር ወደነበረበት አይመለስምና በዚያች ሰዓት ያልተጻፈውን ማንም በኋላ ሊያገኘው አይችልም። ከድንጋዮቹም ወድቀው የነበሩና በኋላ የተቆሙ ስላሉ፣ ሲወድቁ የነበሩበትን ሁኔታ የሚያሳይ አሮጌ ፎቶግራፍ ወይም ንድፍ ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

በአንዱ ድንጋይ ላይ የበቀለው የድንጋይ ሽበት የጎራዴውን እጀታ ሸፍኖታል። አብሮኝ የመጣው ወጣት በብሩሽ ላጽዳው ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ከለከልሁት፤ ሽበቱ ሲፋቅ የድንጋዩን ገጽ ይዞ ሊነሣ ስለሚችል ይህ በሙያው ለሠለጠነ ሰው የሚተው ሥራ ነው። እኛ የሸፈነውን ስፋት ለክተን፣ ፎቶግራፍ አንሥተን፣ ቀኑን ጻፍን። ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ሰው ጉዳቱ መስፋት አለመስፋቱን የሚያውቀው ከዚህች ወረቀት ጋር አመሳክሮ ነውና፣ ወጣቱ ልኬቱን ሁለት ጊዜ እንዲደግመው አደረግሁ።

ፀሐይዋ ከአናታችን ስትደርስ የመዘገብነው 11 ድንጋዮችን ብቻ ነበር። ጎራዴዎቹ ወደ ድንጋዩ ተመልሰው የሰጠሙ መሰሉ፤ እኛም ሜትራችንን ጠቅልለን ብርሃኑ ወደ ምዕራብ እስኪያዘነብል ለመጠበቅ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን።