ሲኒ፣ ሙጫና ሁለት ቢም

ድሮ ስትሬይን (አንድ ነገር ከርዝመቱ አንፃር ምን ያህል እንደተለጠጠ) የምለካው በስትሬይን ጌጅ፣ ላዩ ላይ በምትለጠፍ ትንሽ ሴንሰር ነበር። ጌጅ የምታውቀው የተለጠፈችበትን ቦታ ብቻ ነው፤ ስንጥቁ ትንሽ ራቅ ብሎ ከወጣ አላየችም። ፋይበር ኦፕቲክ ግን፣ ብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን የመስታወት ክር፣ ክሩ ራሱ ከዳር እስከ ዳር ሴንሰር ነው። ሌዘር ስትልክበት መስታወቱ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ጉድለቶች ትንሽ ብርሃን ወደ ኋላ ይመልሳሉ፣ አመላለሱም እንደ ጣት አሻራ ነው፣ የሁለት ፋይበር አንድ አይሆንም። ሲለጠጥ አሻራው ይዛባል። ሌዘሩን የሚልከውና የሚያነበው መሣሪያ ከመነሻው ንባብ ጋር እያስተያየ የት ጋ ምን ያህል እንደተለጠጠ ያወጣልሃል።

መሣሪያው ጅማ የሚቆየው ሁለት ሳምንት ነበር፣ የውሰት ነው። እኔም ተጣድፌ ሁለት የአርማታ ቢም (ጭነት የሚሸከም አግዳሚ) አዘጋጀሁ። ፌሮውን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁ፣ በአልኮል ጠረግሁ፣ ፋይበሩን በኢፖክሲ ሙጫ ለጠፍሁ።

የመጀመሪያው ቢም ጭነት ሳያይ ሞተ። ጣውላው ሲፈታ ፋይበሩ ከአርማታው በሚወጣባት ጠርዝ ላይ ቀጭ አለ። መስታወቱ እኮ 125 ማይክሮን ነው፣ የፀጉር ያህል! ለሁለተኛው መውጫዋን የፕላስቲክ ቱቦ አለበስኳት። ሁለቱንም ጫፍ ወደ ውጭ አወጣሁ፣ አንዱ ቢበጠስ በሌላው አነባለሁ ብዬ።

ሌላው ጣጣ ቦታ ነው። ስክሪኑ «3.42 ሜትር» ይላል፤ ፌሮው ላይ የት ጋ ነው? ቤተ ሙከራውን የሚጠብቁት ጋሼ ቡና አፍልተው ስለነበር ትኩስ ሲኒ ተቀብዬ ፋይበሩ ላይ ማስጠጋት ጀመርኩ። ሙቀቱ ባረፈበት ግራፉ ላይ ሹል ጉብታ ብቅ ይላል፣ እዚያ ምልክት አደርጋለሁ። «አንተ ልጅ፣ ቡናው እኮ ለመጠጣት ነው» አሉኝ። አርማታው ከተሞላ በኋላ ይህን ማድረግ አይቻልም፣ አስቀድሞ ነው።

ከሰዓት የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ምንም ያልተጫነው ቢም ላይ ንባቡ መውረድ ጀመረ። ግማሽ ቀን ሙጫውን ስረግም ዋልኩ። ነገሩ ብርድ ነበር። እንዲህ ባለው መሣሪያ የ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ለውጥ ልቅ ፋይበር ላይ 8 ማይክሮስትሬይን (የርዝመቱ 8 ሚሊዮንኛ) ገደማ መስሎ ይነበባል፣ ፌሮ ላይ ሲለጠፍ ደግሞ የብረቱ መስፋትና መኮማተር ይጨመራል። ያዳነኝ ቱቦ ውስጥ ልቅ አድርጌ ያስገባሁት ሁለተኛ ፋይበር ነው፣ ጭነት ስለማይጎትተው የሙቀቱን ለውጥ ብቻ ያሳያል፤ ያስገባሁትም፣ እውነቱን ለመናገር፣ መመሪያው ስላዘዘ ብቻ ነበር።

ትልቁ ስህተቴ ግን ከጭነቱ በኋላ መጣ። ግራፉ ጥርስ በጥርስ ሆነብኝ። ይሄ ሁከት ነው አልኩና በሶፍትዌር አለሰለስኩት፣ ደስ የሚል ጉብታ ወጣ። ጋሼ በጠመኔ ያሰመሩባቸውን ስንጥቆች በሜትር ስለካ እያንዳንዱ የሰረዝኩት ጥርስ ስንጥቅ ላይ አረፈ። አርማታው ሲሰነጠቅ ጉተታውን እዚያ ጋ ፌሮው ብቻውን ይሸከማል፣ ስትሬይኑም እዚያው ይዘላል። ማለስለሱን ተውኩት።

አንድ ጥርስ ግን ስንጥቅ አልነበረውም። ቦታውን ለጋሼ አሳየኋቸው። ጠመኔያቸውን ይዘው ቁጢጥ አሉ፣ ጭነቱን አንድ እርከን ጨመርን፣ ቀጭን መስመር ከጣታቸው ሁለት ሴንቲ ሜትር ራቅ ብላ ወጣች።