ሐሳብ ሲነሣ ማየት፦ የትንሣኤ በዓል መልእክት ከሱሉልታ

ውድ ወዳጆቼና ጽሑፎቼን የምትከታተሉ ሁሉ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ። 55ቱን ቀን የጾማችሁ በረከቱ ይድረሳችሁ፤ የሌላ እምነት ተከታይ የሆናችሁም ቀኑን ከጎረቤቶቻችሁ ጋር በደስታ አሳልፉት።

ዘንድሮ ልጽፍላችሁ የወደድሁት ብዙዎቻችሁ ስለምትጠይቁኝ ጉዳይ፣ በቡድሂስቶች ተመስጦ (ሜዲቴሽን) የአእምሮን ጠባይ ስለ ማወቅ ነው። ይህን ከፋሲካ ጋር ምን አገናኘው ለሚል ሰው፣ የቡድሃ ታሪክ ለአገራችን ባዳ አይደለም እላለሁ። ከምኖርበት ከሱሉልታ ወደ ጎጃም የሚወስደውን መንገድ ይዞ የሚሄድ ሰው ወደ ደብረ ሊባኖስ ገዳም መገንጠያ ይደርሳል። የዚያ ገዳም እጨጌ የነበሩት፣ ከየመን መጥተው ክርስትናን የተቀበሉት አባ ዕንባቆም፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1553 «በራላም ወይዋሰፍ» የተባለውን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መልሰዋል። ሕመምን፣ እርጅናንና ሞትን እንዳያውቅ ተከልሎ ያደገው፣ በኋላ ግን አይቶ የደነገጠውና ዙፋኑን ትቶ የመነነው የዚያ መጽሐፍ ልዑል ታሪክ፣ ከሲዳርታ ጋውታማ ከቡድሃ ሕይወት ተነሥቶ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲተላለፍ ክርስቲያናዊ መልክ የያዘ መሆኑን ሊቃውንት ያስረዳሉ።

ልዩነቱን ግን መሸፈን አይገባም። ቡድሂዝም ፈጣሪን የትምህርቱ መሠረት አያደርግም፤ ሳይለወጥ ጸንቶ የሚኖር «እኔ» መኖሩንም አይቀበልም። እኔ በቤተ ክርስቲያን ያደግሁ፣ ዛሬም በዚያው ያለሁ ሰው ነኝ፤ ከእነርሱ የተማርሁት ሐሳብ እንዴት እንደሚነሣ የማየትን ጥበብ ነው። እኛ በኀልዮ፣ በነቢብና በገቢር በደልን ብለን እንናዘዛለን። የቡድሃም ትምህርት የሰውን ሥራ በሐሳብ፣ በቃልና በአካል ይከፍላል፤ ከሦስቱም ሐሳብን ቀዳሚ ያደርጋል። የተናገርነውንና የሠራነውን ማስታወስ አይከብደንም፤ ኀልዮው ግን መቼ እንደ ገባ፣ በየትኛው በር እንደ ገባ የምንመረምረው ከስንት አንዴ ነው።

ልምምዱ ቀላል ነው፦ ወገብን አቅንቶ መቀመጥና ትንፋሽ ሲገባና ሲወጣ መከታተል። ትንፋሹን ማስረዘምም ሆነ ማሳጠር አያስፈልግም፤ ረጅም ሲሆን ረጅም መሆኑን፣ አጭር ሲሆን አጭር መሆኑን ማወቅ ይበቃል። ሐሳብ ይዞን ሲሄድ፣ መሄዱም አይቀርም፣ ሳንቆጣ እንመለሳለን። ብዙ ሰው ሜዲቴሽን ማለት አእምሮን ባዶ ማድረግ ይመስለዋል፤ ጀማሪውን ከሁሉ በላይ ተስፋ የሚያስቆርጠው ይህ አስተሳሰብ ነው ብዬ አምናለሁ።

ትናንት ቅዳሜ ሹር ረፋዱ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ከጎረቤት የዶሮ ወጥ ቁሌት ሸተተኝ። ሽታው እንደ ደረሰ ደስ የሚል ስሜት ተከተለ፤ ወዲያው አፌ ምራቅ ሞላ፤ የእናቴ ዶሮ ወጥ ትዝ አለኝ፤ ከእርሱም ጋር አምና በዚህ በዓል ተጠርቶ የቀረ ዘመዴ፣ ከዘመዴም ጋር ቂሙ መጣ። ከሽንኩርት ሽታ ተነሥቶ ቂም ላይ ለመድረስ ጥቂት ትንፋሽ በቃ። ቂሙን አልገሠጽሁትም፤ መኖሩን ብቻ አወቅሁ። ደረቴ ላይ ጠበብ ያለ ሙቀት ነበረ፤ ቆየት ብሎ ለቀቀ፤ በቦታውም የበግ ዋጋ ተተካ።

ቡድሂስቶች ይህን አካሄድ ንክኪ፣ ስሜት፣ ምኞት፣ ሙጥኝ ማለት ብለው በቅደም ተከተል ያስቀምጡታል፤ መከራ እንዴት እንደሚነሣ ከሚያስረዳው፣ 12 አንጓዎች ካሉት ሰንሰለት ውስጥ አራቱ ናቸው። ሽታውንም ሆነ ደስታውን ማስቀረት አይቻልም፤ የሚቻለው ስሜቱ ምኞት ከመሆኑ በፊት ነቅቶ መገኘት ነው። ቡድሃ በሕንድ አገር በሳርናት ለመጀመሪያዎቹ 5 ደቀ መዛሙርቱ ያቀረበውም መከራከሪያ ከዚህ ጋር ይሄዳል፦ ስሜትና ሐሳብ በእርግጥ «እኔ» ቢሆኑ ኖሮ፣ እንዲህ ሁኑ፣ እንዲያ አትሁኑ ብለን ባዘዝናቸው ነበር። ሳንጠራቸው ይመጣሉ፤ ሳንሸኛቸውም ይሄዳሉ። በሌላ ስፍራ ደግሞ አእምሮ በራሱ ብሩህ እንደ ሆነ፣ የሚያጨልሙት ግን በእንግድነት የሚመጡ ርኩሰቶች እንደ ሆኑ ያስተምራል። እኔን ከሁሉ ይልቅ ያጽናናኝ ይህ ነው፤ ቁጡ ነኝ ብሎ ራሱን የፈረጀ ሰው ቁጣው ሲመጣና ሲሄድ አንድ ጊዜ በዓይኑ ካየ፣ ፍረጃው እንደ ቀድሞው አይጸናም።

በከባድ ጭንቀት ወይም በአእምሮ ሕመም ላይ ያላችሁ ግን ረጅም ተመስጦ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። ሌሎቻችሁ የበዓሉ ግርግር እስኪያልፍ አትጠብቁ። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ አንዱ የድሮውን ቅሬታ ሊያነሣ ሲጀምር፣ መልሳችሁ ከአፋችሁ ከመውጣቱ በፊት ያለችውን አንዲት ትንፋሽ ተከታተሉና ያያችሁትን ጻፉልኝ። መልካም በዓል።