ብርድ አልነበረም

ማጅራቴን ማመም ሲጀምረኝ እናቴ በስልክ «ብርድ ገብቶብሽ ነው፤ ሳትደራርቢ አትቀመጪ» አለችኝና ሁለት ሳምንት ሙሉ አንገቴን በነጠላ ጠቅልዬ የመመረቂያ ጽሑፌን ስጽፍ ከረምኩ። ሕመሙ ግን ትከሻዬን አልፎ ወደ ቀኝ ክንዴ ወረደ። ክሊኒክ ስሄድ የመረመረኝ ባለሙያ አስቀድሞ የጠየቀኝ «የምትጽፊው የት ተቀምጠሽ ነው?» ብሎ ነበር፤ «አልጋዬ ላይ» ስለው ፈገግ አለ።

ዶርማችን ለስድስት ሰው አንድ ጠረጴዛ ብቻ ስላለው፣ ከተደራቢው አልጋ ሥር ጎብጬ፣ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ በቀን ለ10 ሰዓታት ያህል እሠራ ነበር። የሰው ጭንቅላት ወደ 5 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን አንገት ባቀረቀረ ቁጥር ሸክሙ የሚያርፈው ማጅራት ላይ ነው። ላፕቶፕ ደግሞ ስክሪኑና ኪቦርዱ አንድ ላይ ስለተሠሩ፣ ስክሪኑ ለዓይን ሲስተካከል እጅ ይንጠለጠላል፤ ኪቦርዱ ለእጅ ሲመች አንገት ይጎብጣል። ስለዚህ ሁለቱን ለማለያየት ያገለገለ ኪቦርድ ገዛሁ፤ አሁን ላይብረሪ ውስጥ ላፕቶፑን በአራት ወፋፍራም መጻሕፍት ላይ ከፍ አድርጌ እጽፋለሁ። ከአራቱ አንዱ በመጀመሪያ ዓመት ገልጬው የማላውቅ የካልኩለስ መጽሐፍ ነው፤ ዘግይቶም ቢሆን ጠቅሞኛል።

የዓይኔን ማቃጠል ያመካኘሁት በመነጽሬ ነበር። ሰው በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል፤ ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ግን ይህ በእጅጉ ስለሚቀንስ ዓይን ይደርቃል። በየ20 ደቂቃው፣ 6 ሜትር ያህል የራቀ ነገር ለ20 ሰከንድ መመልከት እንደሚያሳርፍ ስለተነገረኝ፣ በመስኮቱ በኩል የሚታየውን ባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ አውቄዋለሁ። መብራት ሲጠፋ የማማርረው እኔ፣ አሁን አጋጣሚውን ግቢውን ዞሬ ለመምጣት እጠቀምበታለሁ፤ የማማረሩን ነገር ግን አልተውኩም።

ያልተፈታልኝ እንቅልፉ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት የምጠጣው ቡና ካፌይኑ ከአምስት ሰዓታት በኋላም ግማሽ ያህሉ በሰውነቴ ውስጥ እንደሚቆይ አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ የግቢው ኢንተርኔት የሚፈጥነው ተማሪው ሁሉ ከተኛ በኋላ ነውና፣ ፋይሎቼን የማወርደው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ፣ ሁለተኛውን ስኒ ይዤ ነው።