ብር ናስ አይደለም

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ናስና መዳብ ላይ በፌሪክ ክሎራይድ፣ ማለትም እነዚህን በሚበላ ፈሳሽ፣ ሐረግ ማውጣት ከቻለ ቆይቷል። ፈሳሹ እንዳይበላ የሚፈለገውን ቦታ የሚሸፍነውን የጥፍር ቀለም በቀጭን ብሩሽ ሲቀባ መስመሩ አይዛነፍም። አንዲት የክርስትና እናት የአያቷን የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር አምጥታ፣ ከእሱ መስቀል ተሠርቶ ጀርባው ላይ የሕፃኑ የክርስትና ስም እንዲወጣ ስታዝ፣ ስሙን የማውጣቱ ሥራ የእሱ ሆነ። የተሠራውን መስቀል ማታ ቤቱ ይዞ ሄደ።

ጠዋት ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ብሩ እምቢ አለ። ሌሊቱን ሙሉ ተዘፍዝፎ አደረ፤ ግራጫ ነገር ለበሰ እንጂ ፊደሉ ጥልቀት የለውም።»

«አውጣውና እጥበው። እስክመጣ ሌላ ነገር እንዳታደርግ» አልኩት።

ፌሪክ ክሎራይድ ብር ላይ ሲያርፍ ውኃ የማያሟሟው ሲልቨር ክሎራይድ ይፈጠርና ላዩን ይሸፍነዋል። ከዚያ ወዲያ ሳምንት ቢዘፈዘፍም ለውጥ የለውም። ለብር የሚሆነው ፌሪክ ናይትሬት ነው። ይህን ላስረዳው መንገድ ላይ ሳለሁ፣ እሱ ግን ሽፋኑን በጥርስ ብሩሽ ፈትጎ ወርቅ የምንፈትንበትን ናይትሪክ አሲድ ሳያቀጥን አፍስሶበታል። ያውም እናቱ ማድ ቤት ውስጥ።

ስደርስ ማድ ቤቱ በቡናማ ጭስ ታፍኗል። እናቱ ግቢው ውስጥ ቆመው ይስላሉ። ልጁ «መስቀሉ! የሰው ጠገራ ነው እኮ!» እያለ ሊመለስ ሲል ክንዱን ያዝኩት። ብሩን አሲዱ ቢበላውም የትም አይሄድም፤ ሳንባ ግን አይተካም።

«አሁን ደህና ነኝ» ማለቱን አልሰማሁትም። ያ ጭስ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ሰው ስሎ ስሎ ከተሻለው ከሰዓታት በኋላ ሳንባው ውኃ ሊቋጥር ይችላል። ሁለቱንም ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው፤ ምን እንደተነፈሱም ለሐኪሙ በስሙ ነገርኩት። እዚያው ሲጠበቁ አደሩና እግዚአብሔር ይመስገን በሰላም ወጡ።

መስቀሉን ያየነው ጭሱ ጨርሶ ከወጣ በኋላ ነው። ኃይለኛ አሲድ የጥፍር ቀለሙን ልጦ ስለሚጥለው ስሙ ጠፍቷል፣ ጠርዙም ሳስቷል። አሲዱን ደጅ አውጥቼ ብዙ ውኃ ወዳለበት ባልዲ በቀስታ ገለበጥኩት፤ ውኃ ወደ አሲድ ከተጨመረ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። ከዚያ የመዳብ ቁራጭ ነከርንበት። መዳቡ ወደ ፈሳሹ ሲገባ የሟሟው ብር ግራጫ ዱቄት እየሆነ ይወጣል። አጥበን፣ አድርቀን፣ ከተረፈው መስቀል ጋር አቅልጠን እንደገና ሠራነው።

ስሙን በፌሪክ ናይትሬት ያወጣው ራሱ ልጁ ነው፤ በፕላስቲክ ሳህን፣ በጓንትና በመነጽር፣ በረንዳ ላይ። የሚበላው ቆሻሻ ወደ ታች እንዲረግፍ መስቀሉን ፊቱን ደፍተን አንጠለጠልነው፤ ጥልቀቱን በየጊዜው በመርፌ ጫፍ ይፈትሽ ነበር። በመጨረሻ በቤኪንግ ሶዳ ውኃ አጠበው። ናይትሪክ አሲዱ ዛሬ ተቆልፎበት የሚቀመጠው ሱቅ ነው፤ ወደ ማንም ቤት አይሄድም።

ለባለጠገራዋ ሴት የሆነውን ሁሉ ነገርናት። ጠገራው ስንረከበው መዝነነው 28 ግራም ገደማ ነበር፤ መስቀሉን ፊቷ መዘንነውና የጎደለውን ከሠሪነት ዋጋው ቀነስንላት።